በሳቅ የሚሞከረው ሞንታርቦ

በከተማው ከሁሉ የበለጠ የሚጮኸው ዕቃ የእሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ሲናገር አገጩን ደረቱ ውስጥ ስለሚቀብር፣ ዳቦ ሻጩ እንኳ ሁለቴ «እ?» ሳይለው ዳቦ አይሰጠውም። ድምፅ ማጉያ ያከራያል፤ ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለስብሰባ፣ ለስፖርት ውድድር። ሰው ሁሉ ጋሽ ሞንታርቦ ይለዋል። ባለቤቱ ይህን ስም ስትሰማ ሳትስቅ አታልፍም።

«ሞንታርቦ ያሉት እኔን ሊያበሽቁ ነው» ትላለች። «እኔ ያገባሁት ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ ነው።»

ይህን ስትል አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ስትስቅ ሁልጊዜ ትሸፍናለች። በልጅነቷ ታላቅ እህቷ «ሳቅሽ እንቁላል የጣለች ዶሮ ይመስላል» ብላታለች፤ እሷም ነገሩን ሳትመረምር እንደተቀበለችው ኖራለች።

ሱቃቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። በእሱ በኩል ሞንታርቦዎቹ እንደ ቁም ሣጥን ተደራርበው ቆመዋል፤ ገመዶቹ ተጠቅልለው ከሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ማይክራፎኖቹ እያንዳንዳቸው አሮጌ ካልሲ ለብሰው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። በእሷ በኩል የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ጥቅልና መተኮሻ አለ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ምርጫ ሲደርስ ቆብም ትሰፋለች፤ ለአንዱ ፓርቲ ቢጫ፣ ለሌላው ሰማያዊ። ባልና ሚስቱ ማንን እንደሚመርጡ ተጠያይቀው አያውቁም። «ተጠያይቀን ብንጣላ ቆቡን ማን ይሰፋል፣ ሞንታርቦውን ማን ይሸከማል?» ባይ ናት።

ጋሽ ሞንታርቦ በሥራው አንድ የራሱ ልማድ አለው። የሙያ ጓደኞቹ ማይክራፎን ይዘው «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት» ሲሉ፣ እሱ ዘፈን ይከፍታል፤ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ዘፈን። አኮርዲዮን፣ ከበሮና ጭብጨባ ያለበት የሠርግ ጭፈራ ነው። ድሮ በካሴት ነበር፣ አሁን ወደ ፍላሽ ገልብጦታል። አኮርዲዮኑ ሲገባ መካከለኛውን ድምፅ ያስተካክላል፤ ከበሮው ሲገባ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ። ከሁለተኛው አዝማች በፊት አንዲት ሴት በድንገት ትስቃለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ሳቁ ሳይሰነጠቅ ከሜዳው ጥግ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ምንም ቢናገር ይሰማል። ሳቁ ካፏጨ ደግሞ ማንም ቢናገር ያፏጫል።

የምትስቀው ባለቤቱ ናት። ዘፈኑን በሠርጋቸው ቀን ጎረቤት ነው በቴፕ የቀዳው። በጭፈራው መሀል ሙሽራው፣ ሙሽራዋ በእጇ የሰፋችውን ቀሚስ ጫፍ ረግጦ፣ ከነከረባቱ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጭን ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሙሽራዋም አፏን መሸፈን ረሳች። በኋላ ቤት ገብተው ካሴቱን ሲሰሙት ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይቺ ነገር ከዚህ ቤት እንዳትወጣ» አለችው።

ቃል ገባ። ቃሉን የጠበቀው አንድ ትምህርት ቤት ለሥራ ሄዶ የመሞከሪያ ካሴቱን ቴፑ እስኪበላበት ድረስ ነው። በቦርሳው ውስጥ ከሠርጉ ካሴት ሌላ አልነበረም፤ ያንን ከተተ። ድምፁ እንደዚያ ቀን ሰምሮለት አያውቅም። ሊተወው ሞክሯል፤ በሌላ ዘፈን ሲሞክር ጆሮው ልኩን አልይዝ ይለዋል። ባለቤቱ ደግሞ «የሚበቃኝ ሞንታርቦ ቤቴ አለ» እያለች ስብሰባም ሜዳም አትሄድም። እንዲህ እያለ፣ ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ሳቅ ባለሳቋ ብቻ ሳትሰማው ዓመታት አለፉ።

አንዲት የሰውን ባህል የምታጠና አንትሮፖሎጂስት ወደ ሱቁ የመጣችው የምርጫ ቅስቀሳው ሊጀመር ሲል ነው። ወጣትና ረጅም ናት፤ መቅረጫዋ ከትከሻዋ አይወርድም። ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ ከመግባቷ በፊት ትንሽ አዳመጠች።

«ጋሼ፣ ሞንታርቦ የሚያከራዩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እ?»

«ነኝ ነው የሚልሽ» አለች ባለቤቱ ከመጋረጃው ወዲያ። «ለመቼ ነው የፈለግሽው?»

«ልከራይ እንኳ አይደለም፣ እትዬ። ጥናት ላይ ነኝ። ሰው የፖለቲካ ስብሰባ ሲሄድ ምን እንደሚሰማ፣ በምን እንደሚጨፍር፣ ድምፅ እንዴት ሰውን አንድ ላይ እንደሚያቆም። ጋሼ ሲሠሩ አብሬያቸው ልዙር ብዬ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ሰው ሲጨፍር ታያለሽ፤ ለዚያ ደሞዝ ይከፈልሻል?»

«ይከፈለኛል።»

«እኔ እዚህ አንገቴን ደፍቼ ቆብ እሰፋለሁ» አለች ባለቤቱ። «በይ ውሰጂው፣ ልጄ። ገመዱን ግን ተሸከሚለት፤ ወገቡን ያመዋል።»

ተሸከመች። ገመድ አጠቃለልም ፈጥና ተማረች። ስብሰባ ላይ ግን ሥራዋ ሌላ ነበር። እሱ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ ድምፅ በሚያስተካክልበት ሚክሰር ላይ ተደፍቶ ስለሚሠራ፣ ዘፈኑ ሲከፈት ሰዉ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን ዞሮ አላየም። እሷ መድረኩን ትታ የምታየው የሰዉን እግር ነው።

ቅስቀሳው በተጋጋለበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጣች። ባለቤቱ ክር ልትገዛ ወጥታለች። አጥኚዋ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ለጋሽ ሞንታርቦ ሰጠችው።

«ይሄ የባለቢጫ ቆቦቹ ስብሰባ ነው። ንግግር ሳይጀመር፣ እርስዎ ሲሞክሩ።»

አኮርዲዮኑን ሰማ፣ ከበሮውን፣ ሳቁን። ሳቁን ተከትሎ እንደ ጎርፍ ያለ ጩኸት መጣ።

«ሳቁ ሲመጣ ቆባቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ» አለችው። «አሁን ደግሞ ሰማያዊዎቹን ይስሙ።»

ያው ዘፈን፣ ያው ሳቅ። ከሳቁ በኋላ ምድር የሚደልቅ ድምፅ።

«እነዚህ መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ።»

«እኔ በርዷቸው መስሎኝ» አለ።

«ጠይቄያቸዋለሁ፣ ጋሼ። ቢጫዎቹ ሴትዮዋ የምትስቀው በሰማያዊዎቹ ነው ይላሉ። ሰማያዊዎቹ በቢጫዎቹ ነው ይላሉ። ሁለቱም 'የእኛ ዘፈን' ነው የሚሉት። ከዕጩዎቹ ንግግር አንድ ነገር የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም፤ ሳቁን ግን ሁሉም ያውቀዋል።» ትንሽ አመነታች። «ሬዲዮ ጣቢያው ስለ ጥናቴ እንዳወራ ጋብዞኛል። ይሄን ባነሳው ይከፋዎታል?»

አሰበበት። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነው።

«ማን ይሰማዋል ብለሽ ነው?» አለ።

«የምትስቀው ግን ማን ናት?»

አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረና ስለ ድሮ ካሴት አንድ ነገር አለ። «እ?» አለችው። አልደገመውም።

ፕሮግራሙን ሰው ሁሉ ሰማው። ያልሰማው ከሰማው ሰማ፤ የነገረውም ሳይጨምርበት አልነገረውም። በማግስቱ ጠዋት የሁለቱ ፓርቲዎች አስተባባሪዎች ሱቁ በር ላይ ተገናኙ። የቢጫዎቹ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካው ዛሬም ከአንገቱ አልወረደም። የሰማያዊዎቹ ፋርማሲስት ነው፤ ሁሉን ነገር መድኃኒት እንደሚያዝ ቀስ ብሎ ይናገራል። የመጡት ለጠብ ነው፤ በሩ ላይ ግን «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ቆዩና በመጨረሻ ጎን ለጎን ተጣበው ገቡ።

«ጋሽ ሞንታርቦ» አለ ባለፊሽካው፣ «ዘፈናችንን ለእነሱ ታጫውት ኖሯል?»

«ዘፈናችሁን?» አለ ፋርማሲስቱ። «ዘፈኑ መጀመሪያ የተሰማው በእኛ ስብሰባ ነው።»

«የእኛ ስብሰባ ከእናንተ ይቀድማል።»

«የእናንተማ ዝናብ ጥሎ ተበተነ።»

«ዘፈኑ ከዝናቡ በፊት ተሰምቷል። እኔ ራሴ ቆቤን ወርውሬ ጣሪያ ላይ ቀርቶብኛል።»

«መሞከሪያ ነው» አለ ጋሽ ሞንታርቦ።

«እ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

«መሞከሪያዬ ነው። የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ዘፈን የለም» አለ ፋርማሲስቱ። «እሁድ ሁለቱም ዕጩዎች አደባባዩ ላይ በአንድ መድረክ ይናገራሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሞንታርቦ የተከራየው ካንተ ነው። እዚያ፣ ሕዝብ ፊት፣ ዘፈኑን ከየት እንዳመጣኸውና የማን እንደሆነ ትናገራለህ።»

«ካልተናገርክ» አለ ባለፊሽካው፣ «ከጎረቤት ከተማ እናስመጣለን። መብራት የሚያበራ ሞንታርቦ አላቸው። እሱን ካመጣን ደግሞ አንመልሰውም።»

«በዚህ እንስማማለን» አለ ፋርማሲስቱ። ቅስቀሳው ከተጀመረ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። «እስከዚያ ድረስ ዘፈኑ እንዳይከፈት።»

«እንዳይከፈት» አለ ባለፊሽካው።

ጋሽ ሞንታርቦ ምን ማለታቸው እንደሆነ አላጣውም። ሠርግ የሚደግስ ሰው ሞንታርቦ የሚከራየው አደባባይ ላይ ከሰማው ሰው ነው። አደባባዩ ከሄደ ሠርጉም፣ ምረቃውም፣ ስፖርቱም ተከትሎት ይሄዳል። የሚያድነው አንድ እውነት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ሴት እንዳትሰማ ስንት ዓመት ሲጠነቀቅ ኖሯል።

ሰዎቹ ሲወጡ የስፌት መኪናው ዝም እንዳለ ልብ አለ። መጋረጃው ተገለጠ።

«ምን ዘፈን ነው?»

«የድሮ ካሴት።»

«ሬዲዮው ስለ ሴት ሳቅ ሲያወራ ነበር አሉ።»

«ሳቅም አለበት።»

«የማን ሳቅ?»

ከሚስማሩ ላይ ገመድ አወረደና መጠቅለል ጀመረ። ገመዱ ቀድሞውኑ የተጠቀለለ ነበር። ባለቤቱ ቆማ ይህንን ተመለከተች፤ ከዚያ መጋረጃውን መለሰች።

አጥኚዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ ባለቤቱ የመጨረሻዎቹን ቆቦች ስትቆጥር አገኘቻት። «ቁጭ በይ፣ ጭንቅላትሽን አውሺኝ» አለቻትና ቢጫውን ጫነችባት። አልገባም። ሰማያዊውን ሞከረች። እሱም እላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ጭንቅላትሽ ለሁለቱም ፓርቲ አይሆንም።»

«ፕሮፌሰሬም እንዲህ ነው ያሉኝ፣ እትዬ።»

ባለቤቱ በአንድ እጇ ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ቆብ ይዛ ነበር። አፏን የምትሸፍንበት እጅ አጣች። ሳቁ ወጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው።

አጥኚዋ ያንን ሳቅ ለሳምንታት በማዳመጫዋ እየመለሰች ስትሰማ ከርማለች። አንገቷን አላዞረችም፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ሞንታርቦ ሄዱ። እሱ መጋረጃው ጥግ ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነበር።

እሱና አጥኚዋ ወጥተው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ አያውቁም ማለት ነው?»

«ከቤት አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«መቼ?»

«እንደተጋባን።»

መሳቅ ጀመረችና ፊቱን አይታ ተወችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ወሬው እርስዎ በር ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ነበረብኝ። ግን ሳቁ የባለቤቴ ነው ካሉ የሁለቱም ፓርቲ ክስ እዚያው ላይ ይወድቃል።»

«እሱ ነው የቸገረኝ። አደባባዩን ላድን ስል ቤቴን ላምስ ነው።»

«እኔ አልናገርም። አንዴ ተናግሬ ያመጣሁትን አይቻለሁ። እትዬ ከሰው አፍ ከሚሰሙ ግን ከእርስዎ ይስሙ።»

ልክ እንደሆነች ገባው። በዚያ ሳምንት ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ስሚማ» ይላል። «እ?» ትላለች ባለቤቱ፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች። «ጨው አቀብዪኝ» ይላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከሚበላው ይልቅ ውሃ የሚጠጣው በልጦ ነበር።

እሁድ አደባባዩ ሞላ። ቢጫ ቆብ በግራ፣ ሰማያዊ ቆብ በቀኝ፤ መሀል ላይ አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ። ጋሽ ሞንታርቦ ማይክራፎኑን ካልሲውን አውልቆ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ምንም አልተሰማም። ከፍ አደረገው፤ ሞንታርቦው አፏጨ። ዝቅ አደረገው፤ ጠፋ። ከንቲባው ስብሰባውን ሊከፍት ወጥቶ «የተከበራችሁ» ሲል፣ በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው እርዳታ የሚጠራ ይመስል ነበር። ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ማንም እግሩን አላነቃነቀም፤ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። አጥኚዋ መቅረጫዋን ከፍታ ነበር፣ የምትቀርጸው ግን አልነበረም።

ሁለቱ አስተባባሪዎች መጡ።

«ምን ነክቶሃል ዛሬ?» አለ ባለፊሽካው።

«በምን ልሞክረው?»

«አንድ ሁለት በልበታ።»

«አልኩ። አልሰማችሁም።»

«በል እንግዲህ ንገረንና ይለይለት» አለ ፋርማሲስቱ። «የማን ነው?»

ጋሽ ሞንታርቦ ቀና አለ። ከመድረኩ ሥር ባለቤቱ ቆማለች። የቀሩትን ቆቦች በከረጢት ይዛ የመጣችው ራሷ ናት፤ አደባባይ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከንቲባውን፣ የሚያፏጨውን ሞንታርቦ፣ የባሏን ላብ በተራ አየች። በዓይኗ «ምን ሆንክ?» አለችው።

ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሰካ።

አኮርዲዮኑ ገባ። የተጣመሩ እጆች ተፈቱ። ከበሮው ሲመጣ ቤዙን ትንሽ ቀነሰ፤ ባዶውን መሀል ቦታ ሰው ይገባበት ጀመር። ከዚያ ሳቁ ከአደባባዩ እስከ ፖስታ ቤቱ ጥግ ጥርት ብሎ ሄደ። ቆቦች ወደ ላይ በረሩ፣ መሬቱ ተደለቀ። ጋሽ ሞንታርቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። እንዲህ መሆኑን ማን አስቦት፤ ቆሞ ቀረ።

ከባለቤቱ እጅ ከረጢቱ ወድቋል። አፏን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ሳቁ ግን ከዓመታት በፊት አምልጧል።

ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ማይክራፎኑን አነሳ። ድምፁ ተስተካክሎ ስለነበር፣ አገጩ ደረቱ ውስጥ እንደተቀበረ የተናገረው ሁሉ ጥግ ድረስ ተሰማ።

«ሳቁ የባለቤቴ ነው» አለ። «የሳቀችውም በቢጫ አይደለም፣ በሰማያዊም አይደለም። በእኔ ነው። ሠርጋችን ላይ ቀሚሷን ረግጬ ወድቄ። ከቤት አላወጣውም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። አወጣሁት።»



«ለዚህ ማስረጃ አለህ?» አለ ባለፊሽካው። «የማንም ሴት ሳቅ ሊሆን ይችላል።»

ባለቤቱ ደረጃውን ወጣች። ፊቷ ለቁጣ ተዘጋጅቷል። የባሏን እጅጌ በአንድ እጇ፣ የማይክራፎኑን ማቆሚያ በሌላው ያዘች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ሳምንቱን ሙሉ ጨው አቀብዪኝ የምትለኝ ይሄን ልትነግረኝ ነበር?»

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር።

መጀመሪያ የሳቁት ፊት ለፊት ያሉት ናቸው። ሳቁ ወደ ኋላ እየተላለፈ ሄደ። ቁጣዋን ልትይዘው ሞከረች፤ ባሏን ቀና ብላ ስታየው አልሆነላትም። ሁለት እጆቿ ተይዘዋል። ያው ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ እስከ ፖስታ ቤቱ ሄደ። ቢጫዎቹ ከልማድ ቆባቸውን ወረወሩ፣ ሰማያዊዎቹ ከልማድ መሬቱን መቱ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እንግዲህ የማንም አይደለም» አለ ፋርማሲስቱ።

«የማንም አይደለም» አለ ባለፊሽካው። «መጀመሪያ የጨፈርንበት ግን እኛ ነን።»

«ዝናብ እየጣለ?»

እየተከራከሩ ከመድረኩ ወረዱ። ዕጩዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። አጥኚዋ በኋላ እየዞረች ስትጠይቅ፣ ከንግግሮቹ አንዳንድ ነገር የሚያስታውሱ ሰዎች አገኘች፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ስለነበር ይሆናል። የጎረቤት ከተማውን ሞንታርቦ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳው።

ባለቤቱ ቤት ገብታ የጨው ዕቃውን አንስታ ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ቅጣቱ ያ ነበር። ለሳምንት ቆየ።

አጥኚዋ የሠርጉን ታሪክ ልትቀርጽ ስትመጣ ባለቤቱ በአፍ ብቻ አልነግርም አለች። «ካልጨፈርሽበት አይገባሽም» ብላ ዘፈኑን አስከፈተች። አጥኚዋ ተነስታ ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ፤ ትከሻዋ አንድ ምት ዘግይቶ ይደርሳል።

«ልጄ፣ ስለ ጭፈራ ነው ያልሽኝ የምታጠኚው?»

«ስለ ሌላ ሰው ጭፈራ ነው፣ እትዬ።»

አሁን ጋሽ ሞንታርቦ የተጠገነ ዕቃ ሲመጣለት ሱቁ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ይሞክረዋል። አንድ ቀን ሳቁ ሲያልፍ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ደረቅ ሆንኩ» አለች ባለቤቱ ከመጋረጃው ወዲያ። «ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ቀንስልኝ።»

ቀነሰና ወደ ኋላ መልሶ ከፈተው።

«አሁንስ?» አለ።

«አሁን እኔን መሰለ» አለች፤ መኪናውም ስፌቱን ቀጠለ።